ቀይ ኤክስ

ዛሬ አያት ሰፈር ካለው ቤቴ አጥር ላይ ቀይ ኤክስ፣ ያ የ«ይፈርሳል» ምልክት፣ ተቀባ። የቀድሞው ባለቤት ሰርቪሱን ከአጥሩ ጋር አጣብቆ ሠርቶታል፤ ፕላኑ ላይ ግን የለም። ካርታው ወደ ስሜ ሲዞር ጣጣውም አብሮ ዞረ!

ደንብ አስከባሪው ልጅ፣ እውነት ለመናገር፣ ጨዋ ነው። «እትዬ፣ የጸደቀውን ፕላን ያምጡና እንየው» አለኝ። በ2001 የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ፎቅ የሌለውን መኖሪያ ቤት ቀላል ግንባታ ከሚባለው ምድብ ‹ሀ› ውስጥ ነበር የሚያስገባው። ቀለል ይላል እንጂ ፈቃድ አይቀርለትም።

ጎረቤቴ ጋሼ «ቆርቆሮ እኮ ነው፣ ምን አለበት?» እያሉ ተቆጡልኝ። ውሃው የሚወርደው እሳቸው ግቢ መሆኑን ክረምት ሲገባ ያስታውሱ ይሆናል። 😄

ለማንኛውም ሰርቪሱን ላፈርሰው ነው። ቆርቆሮና በሩን ሳይሰባብር የሚያነሳ አናጢ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።