አፌን በዳቦ አብሱ፣ ዳቦው ግን ክልክል ነው

ባለፈው አርብ የልጄ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ሄጄ ተረት አንብቤ መጣሁ። ላይብረሪ ልበል እንጂ እዚህ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ "ሚዲያ ሴንተር" ነው የሚሉት፣ ላይብረሪያኗም "ሚዲያ ስፔሻሊስት" ናት። የንባብ ሳምንት ነበር፣ ወላጆች በቤታቸው ቋንቋ እንዲያነቡ የሚጋብዝ ወረቀት ላኩ፣ እሱም በአማርኛ ተተርጉሞ ነው የመጣው፣ ካውንቲው ለወላጆች የሚልከውን ነገር ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ስለሆነ አልገባኝም ብሎ ማምለጥ የለም።

እኔ ደሞ ተረት ያለ ዳቦ ምን ተረት ነው ብዬ ሌሊት ተነስቼ ድፎ ጋገርኩ፣ ኮባ ከየት ይምጣ፣ ከላቲኖ ሱቅ በገዛሁት የሙዝ ቅጠል። ጠዋት ቢሮ ስደርስ ሴትየዋ ገና ሽታው ሲደርሳት ፈገግ አለችና የቤት ምግብ አይገባም አለችኝ፣ አለርጂ ያለባቸው ልጆች አሉ፣ የታሸገና ምን ምን እንደገባበት የተጻፈበት ብቻ። ዳቦዬ መኪና ውስጥ ተቀመጠ።

ሦስተኛ ክፍሎች ናቸው፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ የኤልሳልቫዶር፣ የካሜሩን፣ የቬትናም፣ የኛም አራት አሉ። መጀመሪያ "ተረት ተረት" ስል "የላም በረት" እንዲሉ አስተማርኳቸው (ባሌ "የመሠረት" ነው ይላል፣ እሱን ተዉት)። ሦስተኛው ላይ ጣሪያው ሊነሳ ነበር።

መጽሐፉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፣ የአያ ጅቦና የእመት ጦጢት ነገር። የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ግን ጅቡ ጅብ ብቻ ነው፣ "አያ" የለችም። እኔ ይሄን አስቤበት አላውቅም ነበር፣ አንዱ ልጅ ነው ያስቆመኝ፣ እኔ የምጠራውና መጽሐፉ ላይ ያለው ለምን አይመሳሰልም አለኝ። አያ ማለት ታላቅን በአክብሮት መጥሪያ ነው ስለው፣ ታዲያ የሚበላህን ሰውዬ ለምን ታከብራለህ? ስለሚበላኝ ነዋ! አስተማሪዋ ሳይቀር ሳቀች። አንዷ የቬትናም ልጅ ደሞ እጇን አውጥታ በኛም ቤት ታላቅ ወንድሜን በስሙ ብቻ አልጠራውም አለች፣ ከዛ ሁሉም የየቤቱን መናገር ጀመረ፣ እኔም መጽሐፉን አጥፌ ሰማሁ። ግድግዳው ላይ የመቶ አገር ባንዲራ ተለጥፏል፣ እውነት ለመናገር ባንዲራና ምግብ ብቻ የሆነ የብዝኃነት ቀን ሁሌም ይሰለቸኛል፣ ይሄኛው ግን አልሰለቸኝም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የዓለም ተረቶች በሙሉ 398.2 የሚል ቁጥር ባለው መደርደሪያ ነው ያሉት፣ የአማርኛው ግን ታች ቅርጫት ውስጥ፣ "ሌሎች ቋንቋዎች" ተብሎ። ተረት ተረት ነው አይደል እንዴ? ለላይብረሪያኗ ነገርኳት፣ ልክ ነሽ አለች፣ እናያለን።

ትንሽ ጊዜ ሲተርፈኝ ስለ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነገርኳቸው። ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ላይብረሪያን የነበረ፣ አገሩ ተመልሶ በፈረንጆቹ 2003 አዲስ አበባ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈተ፣ ኋላም ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ የጫነ ጋሪ በአህያ ያስጎተተ ሰውዬ። ስለ ሰውየው ማንም አልጠየቀኝም፣ ጥያቄው ሁሉ ስለ አህያዋ ነው። ስሟ ማነው፣ ትናከሳለች ወይ፣ አንዱማ ዋይፋይ አላት ወይ አለኝ።

ከዛ የዲጂታል ዜግነት ትምህርት ቀጠለ፣ ፓስወርድ ለጓደኛም እንደማይሰጥ፣ የሰው ፎቶ ሳይጠየቅ እንደማይለጠፍ፣ አፖቹ ሁሉ 13 ዓመት የሚሉት ለምን እንደሆነ (በፈረንጆቹ 1998 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፣ ድረ ገጾች ከዛ በታች ካሉ ልጆች ያለወላጅ ፈቃድ መረጃ እንዳይሰበስቡ)። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ምን እያደረግኩ ነበር መሰላችሁ? "የላም በረት" ሲሉ የቀረጽኩትን ቲክቶክ ላይ እየጫንኩ፣ ለቤተሰብ ቴሌግራምም እየላክኩ።

ማታ ዳቦውን እየበላን ልጄ ስልኬን አየና "እማዬ፣ ልጆቹን ጠይቀሻል?" አለኝ። አልጠየቅኩም። እናቶቻቸውንስ? ዝም። አራት መቶ ላይክ ነበረው እኮ! አጠፋሁት፣ ቴሌግራሙንም አጠፋሁ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ እያየ፣ ሪሳይክል ቢን ውስጥም እንዳይኖር እያለ።

ሊነጋ ሲል አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ደወለች። "ምነው አጠፋሽው ልጄ፣ ደህና ናችሁ? ለነገሩ እኔ ለእድሩ በሙሉ ልኬዋለሁ።"