አዛውንቶችን ቤታቸው መቅረጽ፦ ከፒያሳ ሳሎን እስከ ኤዲቲንግ

ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ለገሃር አካባቢ የአዛውንቶችን ትዝታ የምቀርጸው በእጅ በሚያዝ ድምፅ መቅረጫ ነው። ሰው ልቡን ከፍቶ የሚያወራው የለመደው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ስለሆነ ስቱዲዮ ይምጡ አልላቸውም። በዚህ ምርጫ የተነሳ ግን መንገዱ፣ ፍሪጁ፣ የጎረቤት ልጅና የቆርቆሮው ጣራ አብረው ይቀረጻሉ። ኤዲቲንግ ከዚህ ሁሉ የሚያስወግደው ትንሽ ነው፤ ሥራው የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ማይኩ በተቀመጠበት ቦታና በተመረጠው ሰዓት ነው።

የምጠቀምባቸው መቅረጫዎች ዙም ኤች 1 ኤን እና ታስካም ዲአር 05 ኤክስ ናቸው። የዙሙ ሁለት ማይኮች በ90 ዲግሪ ተጣምረው ወደፊት ስለሚያዩ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ በመጠኑ ይቀንሱታል። የታስካሙ ማይኮች ዙሪያውን ይሰማሉ፤ ወደ ተናጋሪው ቢዞር ባይዞር ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ማቅረብ ነው የሚያዋጣው። መንገድ ዳር ላለ ቤት ዙሙን ይዤ ጀርባውን ለመስኮቱ እሰጠዋለሁ።

ርቀቱ አንድ ስንዝር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይወርዳል፤ የመንገዱ ጫጫታ ግን ባለበት ይቆያል። መቅረጫው ቡና ጠረጴዛው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ 12 ዲሲቤል ጠፋ ማለት ነው፣ ያንን በኋላ ከፍ ስናደርገው ጫጫታውም አብሮ ከፍ ይላል። ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ አገጭ ጎን አድርጌ የስፖንጅ ሽፋኑን አለብሰዋለሁ፤ በቀጥታ ከተደገነ «ፓ» ሲሉ የሚወጣው ትንፋሽ ማይኩን ይመታዋል። ከመቅረጫው ሥር አጫጭር እግር ያለው ትራይፖድ፣ ከትራይፖዱ ሥር የታጠፈ ጋቢ። ጋቢው ከሌለ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠች ሲኒ ሁሉ ትሰማለች።

ስለ ቡና ከተነሳ፣ ቡናው አስቀድሞ ቢጠጣ ይመረጣል። ሙቀጫና ረከቦት አጠገብ መቅረጽ አይቻልም፤ «አይሆንም፣ ቡና ሳትጠጣ» ለሚሉ እናት ደግሞ እንቢ ማለት አይገባም። አቦሉ እስኪጠጣ መሣሪያውን እያሳየሁ፣ ቤቱን እያዳመጥኩ እቆያለሁ።

ቤቱን ማዳመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የጥንቶቹ የአራዳ ጭቃ ቤቶች፣ በተለይ አቡጀዲ ኮርኒስ ያላቸው፣ ለድምፅ የተመቹ ናቸው፤ ግድግዳውም ጨርቁም ድምፅ ይመጥጣሉ። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው አዲስ አፓርታማ ግን ያስተጋባል፣ ማስተጋባትን ደግሞ ምንም ሶፍትዌር አጥርቶ አያወጣውም። እንዲህ ያለ ቤት ሲገጥመኝ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ከተናጋሪው ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ብርድ ልብስ አልብሼ፣ ምንጣፍ ካለ እንዲነጠፍ እጠይቃለሁ። መኝታ ክፍል ከሳሎን ይሻላል፤ ነገር ግን ትልቅ ሰውን መኝታ ቤትዎ እንግባ ማለት ስለሚከብድ የምጠይቀው በልጆቻቸው በኩል ነው።

ቀጠሮ ሲያዝ የወሩን ቀን ማየት ያስፈልጋል። ጊዮርጊስ አጠገብ በ23፣ ሥላሴ አጠገብ በ7፣ እስጢፋኖስ አጠገብ በ17 ድምፅ ማጉያው ከማለዳ ጀምሮ ስለሚከፈት አልቀርጽም። በአዘቦት ቀን ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል። በዐቢይ ጾም የአዘቦት ቅዳሴ ወደ ከሰዓት ስለሚገፋ ጠዋቱ የበለጠ ነፃ ይሆናል። ክረምት ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፈጽሞ አይታሰብም፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ከሰው ድምፅ ጋር በአንድ የድምፅ ክልል ውስጥ ስለሚገኝ መለየት አይቻልም።

ከመቅረጽ በፊት ፍሪጁን ከሶኬት እነቅላለሁ፤ እንዳልረሳው የቤቴን ቁልፍ ፍሪጁ ላይ አስቀምጣለሁ። ስልኮች ሁሉ፣ የባለቤቱም ጭምር፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሆናሉ፤ ድምፁን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፣ ኔትወርክ ሲፈልግ የሚያሰማው ትርትርታ ማይኩ ውስጥ ይገባል። መቅረጫው በቻርጀር እየሠራ አልቀርጽም። ርካሽ ቻርጀር የ50 ኸርዝ እምምታ ከነቅጥያዎቹ፣ 100ና 150 ኸርዝ ድረስ ያስገባል። ባትሪ ድንጋዩ ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ ሜኑ ውስጥ የባትሪውን ዓይነት መቀየር ግድ ነው፤ እነዚህ ባትሪዎች 1.2 ቮልት ስለሆኑ ለአልካላይን የተዘጋጀው መለኪያ ገና ሳያልቁ አለቁ ይላል።

የምቀርጸው በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ ፋይል)፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ነው። በስቴሪዮ አንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 32 ጊጋባይት ካርድ 30 ሰዓት ያህል ይይዛል። ካርዱ ፎርማት የሚደረገው በራሱ መቅረጫው እንጂ በኮምፒውተር ባይሆን ይሻላል። ኦውቶ ሌቭል (የድምፁን መጠን በራሱ የሚያስተካክለው) መጥፋት አለበት። ተናጋሪው ዝም ባለ ቁጥር መሣሪያው ጫጫታውን ወደ ላይ ይስባል፣ ሲናገር መልሶ ይጥለዋል፤ እንዲህ ከፍ ዝቅ የሚል ጫጫታ ደግሞ ወጥ ስላልሆነ በኋላ ማጽዳት አይቻልም። ሊሚተሩ (ድንገት የሚጮኸውን ድምፅ የሚገታው) ግን ይብራ። ድምፅ ስለካ «ቁርስ ምን በሉ?» አልልም፤ በዝግታ ስለሚመልሱ አሳሳች ነው። ከዚያ ይልቅ «እማማ፣ እስቲ ልጅ ይጥሩልኝ» እላለሁ። ጮክ ብለው ሲጣሩ ጫፉ ከ-6 ዲሲቤል ካላለፈ፣ ተራው ወሬ -12 አካባቢ ይውላል፤ ታሪኩ ሲጋልና ሳቅ ሲመጣም አይቀደድም።

የአንገት ማይክ የሚጠቀም ሰው መሰኪያውን ይመልከት። ለስልክ የተሠራው ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፣ መቅረጫው የሚፈልገው ሁለት ያለውን ነው፤ አስማሚ ከሌለ ድምፁ ይደክማል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ለማይኩ ኃይል የሚሰጠው ፕለግ ኢን ፓወር የሚለውም ሜኑ ውስጥ መብራት አለበት። ነጠላ ለለበሱ እናቶች ማይኩን ከነጠላው ሥር አላደርግም፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይፋጫል።

ቀረጻው ሲጀመር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሰፈሩን በድምፅ እናገራለሁ። መቅረጫው የሚመዘግበው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ስለሆነ፣ እኛ ጠዋት 4 ሰዓት ያልነው ፋይሉ ላይ 10 ሆኖ ይገኛል፤ ከጊዜ በኋላ ከማስታወሻ ደብተር ጋር ሲመሳከር ያምታታል። በወሬው መሃል «እሺ»፣ «እህ» ማለት ትቼ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፤ የእኔ ድምፅ የእሳቸው ቃል ላይ ከተደረበ አይነጠልም። በመጨረሻ ሁላችንም ዝም ብለን የክፍሉን ድምፅ 30 ሴኮንድ እቀርጻለሁ።

ኤዲቲንጉን የምሠራው ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ሶፍትዌር ነው። መጀመሪያ ቅጂ፣ ዋናው ፋይል አይነካም። ሃይ ፓስ ፊልተር (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠው) ለወንድ 80፣ ለሴት 100 ኸርዝ፤ የአውቶቡሱ ጉርምርምታ በአብዛኛው እዚህ ይሄዳል። ከዚያ ከክፍሉ ድምፅ ናሙና ወስዶ ኖይዝ ሪዳክሽን (ጫጫታ መቀነሻ)፣ ከ6 እስከ 8 ዲሲቤል ብቻ። ከ12 ሲያልፍ «ሰ» እና «ጸ» ውኃ ውስጥ የተባሉ ይመስላሉ።

ዝምታን በራሱ የሚያሳጥረውን ትራንኬት ሳይለንስ በአማርኛ ላይ በጥንቃቄ ነው መጠቀም። ጠብቀው የሚነገሩ «ተ»፣ «ከ»፣ «ጠ»፣ «ቀ» ከመፈንዳታቸው በፊት ትንሽ ዝምታ አላቸው። መሣሪያው በጣም አጭር ዝምታ እንዲቆርጥ ከታዘዘ ያችን ይበላታል፤ «ይመታል» ላልቶ ይሰማና ተመቺው መቺ ይሆናል። ከግማሽ ሴኮንድ ያነሰ ዝምታ እንዳይነካ አድርጌ አስተካክላለሁ፣ ሌላውን በእጅ እቆርጣለሁ። ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚዘጋው ኖይዝ ጌትም እንዲሁ አደገኛ ነው። አዛውንቶቻችን «አዎ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው ብቻ ይመልሳሉ፤ ጌቱ ትንፋሽ መስሎት ሲያጠፋው ጥያቄው ያለ መልስ ይቀራል። ስለዚህ ትንፋሽ ማጥፊያ ነገር በእነዚህ ፋይሎች ላይ አልጠቀምም፣ ሌሎችም እንዳይጠቀሙ አጥብቄ እመክራለሁ።

ስቆርጥ ከትንፋሽ በፊት ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ 10 ሚሊ ሴኮንድ ክሮስፌድ (አንዱ እየደበዘዘ ሌላው እየጎላ)፣ ክፍተት ከተረፈ ባዶ ሳይሆን የክፍሉ ድምፅ። ኮምፕረሰር (ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርበው) በ2 ለ 1፣ በመጨረሻ ላውድነስ (አጠቃላይ የድምፁ ጉላት) ለሞኖ -19፣ ለስቴሪዮ -16 ሉፍስ በሚባለው መለኪያ።

ባትሪ በመሃል ካለቀ ወይም ቀረጻው ሳይቆም ካርዱ ከተነቀለ ፋይሉ አልከፍት ሊል ይችላል። ካርዱ ላይ ሌላ ምንም አይቀረጽበት። ፋይሉ መጠን ካለው ኦዳሲቲ ውስጥ በኢምፖርት ሮው ዳታ፣ 24 ቢት፣ ሊትል ኤንዲያን፣ 2 ቻናል፣ 48000 ብሎ መክፈት ነው። የሚያፏጭ ጩኸት ብቻ ከተሰማ መነሻ ባይቱን ከ0 እስከ 5 አንድ በአንድ መቀየር፤ ከስድስቱ በአንዱ ወሬው ጠርቶ ይወጣል።

ለቤተሰቡ የምሰጠው ሞኖ ኤምፒ3 በ64 ኪሎ ቢት ነው፤ አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት አካባቢ ስለሚሆን በቴሌግራም በቀላሉ ይሄዳል። ዌቩ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ሳይገለበጥና ሁለቱም ተከፍተው ሳይደመጡ ካርዱን ፎርማት አላደርግም።