ምስክርነት፦ በመሐል የሚዘለለው

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ምስክርነት በአንድ ሰው ስም የሚቆም አይደለም። ኤች አይ ቪ በሁለቱም ወይም በአንዳቸው ደም ውስጥ ያለ ባልና ሚስት «ጌታ ሆይ፣ ልጃችንን ከዚህ አውጣልን» ብለው የጸለዩት ጸሎት መሰማቱን ስለምናውቅ የምንጽፈው ነው። መድኃኒት ካላገኘችና ጡት ካጠባች እናት ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ቫይረሱ ይይዛቸዋል። እናቲቱ መድኃኒቷን በወጉ ስትወስድ ይህ ቁጥር ከ5 በታች ይወርዳል። ከዚህ ልዩነት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሕፃን ለእኛ የተመለሰ ጸሎት ነው፤ ይህን ያለ ምንም ማመንታት እንመሰክራለን።

ቅር የሚለን አንድ ነገር ነው። ምስክርነቱ በጉባኤ ሲነገር «ጸለይን፣ ተሳልን፣ ልጃችን ነጻ ሆነ» ተብሎ እልልታ ይቀልጣል። በጸሎቱና በእልልታው መሐል ያለው ሁለት ዓመት ግን ይዘለላል። በጉባኤው መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ ውጤቷን ትናንት የሰማች ነፍሰ ጡር የምትፈልገው ያንን መሐሉን ነው።

መሐሉ የሚጀምረው በድፍረት ነው፤ ለባል በመንገር። በአገራችን ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትመረመረው ሚስት ናት፤ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ምርመራው ከሌሎቹ ጋር ስለሚሰጥ ነው። ስለዚህ ወሬውን ይዛ ወደ ቤት የምትገባው እሷ ትሆንና «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» የሚለው ጣት ይቀሰርባታል። ቀድማ የተመረመረች ማለት ቀድማ የተያዘች ማለት አይደለም። ምርመራው ቫይረሱ መኖሩን ይናገራል እንጂ ከማን ወደ ማን፣ በየትኛው ዓመት እንደተላለፈ አይናገርም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የንስሐ አባቶችና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በቃላቸው ቢይዙት ስንት ትዳር ይተርፍ ነበር!

አስቴርን እናስታውስ። በባሏ በንጉሡ ፊት ገብታ ለመናገር ፈርታ ነበር፤ ሳይጠሩ መግባት ሞት ነበርና። ሦስት ቀን ጾመች፣ አስጾመች። ከዚያ ግን ገብታ ወዲያው አልዘረገፈችውም። ግብዣ አዘጋጀች፣ ለነገም ደግማ ጠራችው፣ በሁለተኛው ግብዣ ላይ ተናገረች። ጾሙ ድፍረት ሰጣት፤ ሰዓቱንና ቦታውን ግን በጥበብ መረጠች። ውጤቷን የሰማች ሚስትም እንዲሁ ታድርግ እንላለን። ባል ከሥራ ደክሞ በገባበት፣ ወይም መጠጥ በቀመሰበት፣ ወይም ዘመድ ቤት በሞላበት ምሽት አይነገርም። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ውጤቱን ይዞ ወደ ቤት ከመሮጥ ይልቅ «ለክትትሉ አባትየውም ይምጣ ብለውኛል» ብሎ ባልን ይዞ መመለስ ነው። ሁለቱ አብረው ምክር ይሰማሉ፣ አብረው ይመረመራሉ፣ ውጤቱን አብረው ይቀበላሉ። ያኔ ወሬ ነጋሪው ባለሙያው ይሆናል፤ ሚስት ከሳሽም ተከሳሽም አትሆንም። ዱላ ወይም ከቤት መባረር የምትፈራ ከሆነ ግን ፍርሃቷን ለነርሷ ቀድማ ትንገር። ይህ እምነት ማጣት አይደለም። መድኃኒቱን ለመጀመር የባል ፈቃድ አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን መጀመር ይቻላል፣ መጀመርም አለበት። ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በኢትዮጵያ ማንኛዋም ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሌላ ምርመራ ሳትጠብቅ መድኃኒቱን ጀምራ ዕድሜ ልኳን እንድትወስድ ተወስኗል። ቀናቱ ዋጋ አላቸው፤ ከመውለዷ በፊት 4 ሳምንት እንኳ ያልወሰደች እናት ልጇ ከፍ ያለ አደጋ ውስጥ ነው የሚወለደው።

የባል ውጤት ነጻ ሊሆንም ይችላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ይደናገጣሉ፤ «እንዴት አብረን ኖረን?» ይላሉ። ይሆናል። ነጻ የሆነው ወገን ከ3 ወር በኋላ ደግሞ ይመርመር፣ ከዚያም በየጊዜው፤ ፕረፕ ስለሚባለው መከላከያ ኪኒንም ይጠይቅ፤ የሌላኛው የቫይረስ መጠን እስኪወርድ ኮንዶም ይጠቀሙ። በ9 አገሮች 1,763 ጥንዶችን የተከታተለ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳየው፣ ቶሎ የተጀመረ መድኃኒት ወደ ትዳር ጓደኛ የሚተላለፈውን በ96 በመቶ እንደሚቀንስ ነው። የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ወርዶ ከቆየ ደግሞ በግንኙነት አይተላለፍም። ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ያለ ስጋት ማደር መቻላቸው ለእኛ ከተአምር አያንስም።

አሁን ወደ ጠበሉ እንምጣ፤ ብዙ ነፍስ የጠፋው እዚህ ነውና ትንሽ እንቆይበታለን። ነጻ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን በእንጦጦና በሌሎች ጠበሎች በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነበር፤ «መድኃኒት የጀመረ እምነቱን ክዷል» የሚል ንግግርም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። አዲስ ትምህርትም አልነበረም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም «ጸሎትህን ሰምቻለሁ» አለው፤ ወዲያው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በቁስሉ ላይ አስደረገ። ሲራክም በምዕራፍ 38 ጸልይ፣ ከኃጢአትህ ተመለስ፣ ከዚያ ለባለ መድኃኒት ስፍራ ስጠው ይላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ።

በተግባር የሚያሰናክሉት ግን ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ጠበል በብዛት ተጠጥቶ ማስመለስ የተለመደ ነው፤ ኪኒኑ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ተውጦ ከነበረ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ጠበል ጠዋት የሚጠጣ ሰው ኪኒኑን ወደ ማታ ያድርገው። ለ7 ቀን ሱባኤ የሚወጣ 7 ኪኒን ብቻ አይያዝ፤ መኪና ሊጠፋ፣ ሱባኤው ሊራዘም ይችላልና የ2 ሳምንት ይዞ ይውጣ። ሰው እንዳያይብን ብለው ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልለው የሚይዙ አሉ፤ እርጥበት ያበላሸዋል። በራሱ ብልቃጥ፣ በውስጡ ካለችው እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት ጋር ይቀመጥ። ብልቃጡ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው ድምፅ የሚያሳቅቅ ከሆነ ጥቂት ንጹሕ ጥጥ ከላይ መጎዝጎዝ ይበቃል።

ጾምስ? አሁን በብዛት የሚሰጠው ሦስት መድኃኒት በአንድ የያዘ ኪኒን በቀን አንዴ ብቻ የሚዋጥ ስለሆነ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የወሰነ ሰው እስከ 9 ሰዓት ሲጾም ቢውል አይጋጭበትም። ለሚቆርብ ሰው ግን የቁርባን ዋዜማ ምሽት በ18 ሰዓቱ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ይህን ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ ለታመመና ለነፍሰ ጡር ቤተ ክርስቲያን የምታዝንበት ሥርዓት አላት። በራስ ፈቃድ በየሳምንቱ አንድ ቀን መዝለል ግን ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። የረሳ ሰው ባስታወሰ ሰዓት ይውሰድ፤ ሁለት አድርጎ አይውሰድ።

ለነፍሰ ጡር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በክትትል የሚሰጣት የብረት ኪኒንና ካልሲየም በባዶ ሆድ አብረው ከተዋጡ በዚያ ኪኒን ውስጥ ያለውን ዶሉቴግራቪር የሚባል መድኃኒት አስረው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ወይ ሁሉንም ከምግብ ጋር ትውሰድ፣ ወይ ዶሉቴግራቪር ያለበትን ኪኒን ከብረቱና ከካልሲየሙ 2 ሰዓት ቀድማ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታ ትውሰድ። «በትክክል እየወሰድኩ የቫይረሱ መጠን ለምን አልወረደም?» የምትል እናት ይህን ትጠይቅ።

ከሁሉ ይልቅ ሐሰተኛ ምስክርነት የሚወለደው ከአንድ ወረቀት ነው። መድኃኒቱን ለወራት የወሰደ ሰው የቫይረስ መጠን ምርመራ አድርጎ «አልታየም» የሚል ውጤት ይቀበላል። «አልታየም» ማለት መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ወርዷል ማለት ነው፤ «ጠፍቷል» ማለት አይደለም። ቫይረሱ በተኙ ሴሎች ውስጥ ተደብቋል፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል። ክፋቱ ሰውየው በዚያ ሰሞን ምንም አይሰማውም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ፊቱ ያበራል። መድረክ ላይ ወጥቶ «መድኃኒቱን ትቻለሁ፣ ድኛለሁ» ይላል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሌሎችም ይተዋሉ። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሚስት ካለችው የሚከፈለው ዋጋ የሦስት ሰው ነው። አገልጋዮች ሆይ፣ እንለምናችኋለን፦ ጌታችን ዐሥሩን ለምጻሞች የፈወሳቸው «ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ብሎ ነው። ለምጽ በካህን ይመረመር ነበርና። የመረመረ ሰው ያላረጋገጠውን መፈወስ በመድረክ አታውጁ።

አሁን ሕፃኑ ተወለደ። በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ከቫይረሱ የሚከላከልለት ነቪራፒን የሚባል ሽሮፕ ይጀመርለታል፤ ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ አደጋው ከፍ ያለ ከሆነ ሌላ መድኃኒት ተጨምሮ እስከ 12 ሳምንት ይሄዳል። መጠኑ በሕፃኑ ክብደት ስለሚለካ በሻይ ማንኪያ ግምት አይሰጥም፤ በተሰጠው መርፌ አልባ ሲሪንጅ ይለካል። አራሷን ለመጠየቅ የሚመጣው ዘመድ ደግሞ ሌላ ፈተና ይዞ ይመጣል። አያት ቅቤ ልታልሰው ትፈልጋለች፤ ሌላዋ የስኳር ውሃ፣ ሌላዋ ጤና አዳም። ሁሉም በፍቅር ነው። ሆኖም እስከ 6 ወር የእናት ጡትና የታዘዘለት መድኃኒት ብቻ ነው የሚገባው። ሌላ ነገር ሲጨመር የሕፃኑ አንጀት ስስ ሽፋን ይቆጣል፣ ይላጣል፤ በወተት ውስጥ ያለው ቫይረስ የሚገባበት በር ያገኛል። ጡትና ሌላ ምግብ መቀላቀል፣ ጡት ብቻ ከመስጠት የከፋ የሚሆነው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ የባል ድፍረት ይፈለጋል። አማቷን ወይም እናቷን «እማዬ፣ ሐኪሙ ከልክሎናል» ብሎ ፊት ለፊት መመለስ ያለበት እሱ ነው፤ አራሷ ብቻዋን አትችለውም። ምክንያቱን መዘርዘር አይጠበቅበትም። የጡት ጫፍ ሲሰነጠቅ ወይም ጡት ሲያብጥና ሲመግል ደግሞ በዚያ ጡት ማጥባት ቆሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ የታመመው ጡት እየታለበ ይደፋል።

ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ትነሳለች። የሕፃኑ የመጀመሪያ ደም የሚወሰደው በ6ኛው ሳምንት ነው። ልብ ያለው ሰው ያስተውል፤ ወንድ ልጅ በተጠመቀ በጥቂት ቀን ውስጥ ተረከዙ ይወጋል። ክርስትና አባቱ ገና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ፣ እናት በልቧ የምትቆጥረው ሌላ ቀን ነው። መልካሙ ነገር ይህ ቀን ከ45 ቀን ክትባት ጋር አብሮ መሄዱ ነው፤ ጎረቤት «የት ናችሁ?» ቢል «ክትባት» ማለት ውሸት አይሆንም። ጠብታዎቹ ወረቀት ላይ ደርቀው ወደ ላቦራቶሪ ይላካሉ፤ ውጤቱ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ባልና ሚስት አብረው ቢጸልዩ ይሻላል፤ አንዱ ብቻውን ሲጨነቅ ሌላው ብቻውን ሲጾም ቤቱ ውስጥ ዝምታ ይገባል። ውዳሴ ማርያም የሚደግም ይድገም፣ መዝሙረ ዳዊት የሚያነብ ያንብብ፤ ብቻ በአንድ ሰዓት፣ እንዲያውም ኪኒኑ በሚዋጥበት ሰዓት ይሁን። ጸሎቱ ሰዓቱን ያስታውሳል፣ ሰዓቱም ጸሎቱን።

የ6 ሳምንቱ ውጤት ነጻ ሲሆን ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፣ ምስክርነትም ይሰጣሉ። ገና ነው። ጡት እስካልተቋረጠ አደጋው አለ፤ ከሌሎች ኢንፌክሽኖች እንዲጠብቀው ከ6ኛው ሳምንት የተጀመረለት ኮትሪሞክሳዞል የሚባል መድኃኒትም ይቀጥላል። ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት በቫይረሱ ላይ የሚያበጀውን መከላከያ የሚፈልገው የጸረ እንግዳ አካል ምርመራ፣ ሕፃኑ 18 ወር ሳይሞላው ቢደረግ ደግሞ ከእናቱ የወረሰውን ሊያሳይ ይችላል፤ በዚህ ደንግጠው ተስፋ የቆረጡ ወላጆች አሉ፤ ነጻ ልጅ እያላቸው! የመጨረሻው ማረጋገጫ በ18 ወር፣ ወይም ጡት ካቆመ በኋላ ጤና ባለሙያው የሚነግራችሁ ጊዜ ሲያልፍ፣ ከሁለቱ ዘግይቶ በሚመጣው ነው። ያን ቀን ልጁ በእግሩ ሄዶ ይገባል።

ወረቀቱ ነጻ ካለ ምስክርነቱ ይነገር፤ ዝም የሚባል ጸጋ አይደለም። ከመነገሩ በፊት ግን ባልና ሚስት ተቀምጠው ይስማሙ፦ የማን ውጤት ይጠቀሳል፣ የማን አይጠቀስም። አንዱ በስሜት ተነስቶ የሌላውን ምስጢር በጉባኤ ቢያወጣው፣ ለእግዚአብሔር ክብር የተባለው ነገር ትዳሩን ይሰብረዋል። የልጁ ስምና ፎቶም አይውጣ፤ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚኖርበት ታሪክ ነውና ራሱ ይወስንበት። ከፈለጉ ለካህኑ ወይም ለፓስተሩ ብቻ ነግረው ስእለታቸውን በስውር ያግቡ፤ ጥላውም ሻማውም ያለ ማብራሪያ ይደርሳል።

በዚያው ምሽት ልጁ ተኝቷል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ባል ውሃውን ቀድቶ ያቀርባል፣ ሚስት ብልቃጡን ትከፍታለች።