ኒሟ ሥር የቀረው አፈር

ዛሬ ግቢያችንን ሊሾ የሚያደርጉልን ግንበኛ መጡ። አቧራው ስለሰለቸኝ ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ይልበስ ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ሲሚንቶውን ዞር ብለውም አላዩት። «መጀመሪያ ውሃ አምጪ» አሉኝ።

ባልዲውን ጥግ ላይ ቀስ አድርገው ደፉና ቁጢጥ ብለው ተመለከቱ። ውሃው ወደ በሩ አልሄደም። ታጥፎ ማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ደረሰና እዚያው ተኛ። የዚያ ግድግዳ ቀለም ለምን እንደሚላጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራ ገብቶኝ ነበር! ክር ወጠሩ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጡ፣ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ወደ በሩ ዝቅ አደረጉት።

ኒም ዛፏ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ዙሪያዋን አንድ ሜትር ያህል በድንጋይ ከበቡና አፈሩን እንዳለ ተዉት። «እሷም ትጠጣ እንጂ ልጄ። ጥላዋን እየፈለግሽ ውሃዋን ትከለክያታለሽ?»

በድሬ ሙቀት ጥላ ምን እንደሆነ ለድሬ ልጅ አይነገርም። ሰፈራችንን ሳስበው ግን ሁላችንም ግቢያችንን ደፍነን ዝናቡን ወደ መንገድ ነው የምንሸኘው፤ መንገዱ ደግሞ ወደ አሸዋው፣ ወደ ደቻቱ ወንዝ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ያመጣብንን አንረሳም። ያ ጎርፍ ከላይ ከተራራው እንደወረደ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በየግቢው አንድ አንድ ሜትር አፈር ቢተርፍ ደስ ይለኛል።

አሁን ሊሾው እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ አልብሰነዋል። ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ አጠጪው ተብያለሁ። የማታውን ሳጠጣ ለኒሟም ሁለት ጆግ ጨመርኩላት።