ለዴስክቶፕ የዋይፋይ አዳፕተር ስመርጥ፦ ከካርቶኑ ቁጥር በፊት የአንቴናው ቦታ

ዴስክቶፔ ዋይፋይ የለውም፤ በእሱና በራውተሩ መካከል ደግሞ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አለ። የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ቢቻል ከየትኛውም አዳፕተር (ኮምፒውተሩ ዋይፋይ እንዲይዝ የሚሰካ መሣሪያ) ይሻል ነበር፤ ቤቱ የኪራይ ነውና ግድግዳ መብሳት አይታሰብም።

መጀመሪያ የገዛሁት ጥፍር የምታክል የዩኤስቢ አዳፕተር ነበረች። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ርካሾች ብዙዎቹ የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ይህ ሞገድ ግድግዳ በማለፍ ከ5 ጊጋኸርዝ ይሻላል፤ ግን የጎረቤት ራውተር ሁሉ የሚሻማበት ነው፣ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሠሩት ቻናሎችም 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። እሷን ደግሞ ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ጀርባ ሰካኋት፤ በአንድ ወገን የኬዙ ብረት፣ በሌላው ግድግዳ። ይባስ ብሎ አጠገቧ ባለው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ የውጭ ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ነበር። ዩኤስቢ 3 መረጃ ሲያመላልስ የሚፈጥረው የሬዲዮ ጫጫታ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያርፋል። ፋይል በተገለበጠ ቁጥር ዋይፋዩ የሚቆራረጠው ለዚህ ነበር እንጂ አዳፕተሯ ተበላሽታ አይደለም። በ1 ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ጠረጴዛ ላይ ሳወጣት መቆራረጡ ቆመ። ሌላ ከመግዛት በፊት ይህን መሞከር ያዋጣል፤ ማራዘሚያው ርካሽ ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ያሳስታል። «1200» የሚለው በ2.4 ላይ 300፣ በ5 ላይ 867 ሜጋቢት ተደምሮና ከፍ ብሎ ተጠጋግቶ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በአንድ ጊዜ የሚያያዘው በአንዱ ብቻ ነው። ዩኤስቢ 2 ከሆነ ደግሞ ጣሪያው በወረቀት 480 ሜጋቢት ነው፣ በተግባር ከዚያ በጣም ያንሳል። ቤት የሚገባው መስመር 10 ሜጋቢት ለሆነ ሰው ይህ ሁሉ ቁጥር ትርጉም የለውም፤ የሚያስፈልገው የማይቆራረጥ ሲግናል ነው።

በመጨረሻ የመረጥኩት ማዘርቦርድ (ኬዙ ውስጥ ያለው ዋና ሰሌዳ) ላይ የሚሰካ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ነው፣ ኢንቴል ኤኤክስ210 ቺፕ ያለበት። ከመግዛቴ በፊት ኬዙን ከፍቼ ባዶ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) መኖሩን አየሁ። ካርዱ የሚፈልገው አጭሩን ስሎት ነው፤ ረጅሙ ላይም ይሠራል፣ የድሮው ነጭ ፒሲአይ ላይ ግን አይገባም። ቀጫጭኖቹ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ካርዱን ከኬዙ ጋር የሚያያይዘውን የብረት ማሰሪያ አጭሩን ይፈልጋሉ፤ ካርቶኑ ውስጥ አጭሩም ረጅሙም መኖራቸውን ሱቁ ውስጥ እያሉ ማየት ነው። የስም መመሳሰልም አለ፦ ኤኤክስ211 የሚሠራው እሱን በሚደግፉ የኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ ብቻ ነው፣ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባላቸው ላይ ከነጭራሹ አይታይም። ሌላው፣ ኤኤክስ210 የሚችለው 6 ጊጋኸርዝ ዊንዶውስ 11 እና ያንን ሞገድ የሚያወጣ ራውተር ይፈልጋል፤ ራውተሩ ከሌለ ለእሱ ብሎ መክፈል ብክነት ነው።

ስገጥመው መብራቱን ከሶኬት ነቅዬ፣ የኃይል ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭኜ ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አወጣሁ። ካርዱን ቀጥ አድርጌ ገፍቼ በብሎን አሰርኩት። ብዙ ሰው የሚረሳው ከካርዱ የሚወጣውን ቀጭን ኬብል ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ 9 ፒን የዩኤስቢ 2 መሰኪያ ካልገባ ዋይፋዩ ይሠራል፣ ብሉቱዙ ግን አይኖርም። አንዱ ፒን ስለጎደለ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚገባው፤ እንቢ ካለ አገላብጦ ማየት እንጂ መጫን ፒን ያጣምማል።

ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ አያይዞ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማጋሪያ) ማብራት ይህን ይፈታዋል።

አንቴናዎቹን በቀጥታ ካርዱ ላይ ማሰር ያው ከኬዙ ጀርባ መመለስ ነው። ማግኔት ባለው መቆሚያ ላይ በኬብል የሚወጣውን ዓይነት ገዝቼ ከጠረጴዛው በላይ አቆምኩት፤ 5 ጊጋኸርዙ በሁለቱ ግድግዳ አልፎ ሳይቆራረጥ የያዘው ያኔ ነው። ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሲነሳ ዋይፋዩ ጠፍቶ ከተገኘ፣ ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ገብቶ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ እንዲጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሳት ነው።