በ51 ደቂቃ ያለቀ ሥራ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 በአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ሁለት የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች በአንድ ቀን በሕዋስ ላይ ተዘሩ። አንደኛው ዶሮን ብዙም የማይጎዳው ኤች9ኤን2፣ ሌላው መንጋ የሚጨርሰው ኤች5ኤን1 ነበር። በደንቡ ቢሠራ ቢያንስ 90 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ51 ደቂቃ ተጠናቀቀ። የሥራ ጫና ነበረ፣ ስብሰባም ደርሶ ነበር።

ንጹሕ ነው የተባለው ኤች9ኤን2 በማርች ወደ አቴንስ፣ ጆርጂያ፣ ወደ ግብርና መሥሪያ ቤቱ የዶሮ በሽታ ላቦራቶሪ ተላከ። ለሙከራ ቫይረሱ የተሰጣቸው ዶሮዎች አለቁ። ኤች9ኤን2 ብቻውን እንዲህ አያደርግም፤ ኤች5ኤን1 ተቀላቅሎበት ነበር። ሰው አልታመመም፤ ጉዳዩ በይፋ የተገለጸው ግን በጁላይ ነው።

ጣጣው ከዶሮዎቹ ሞት ይሰፋል። የኢንፍሉዌንዛ ኤ ዘረመል 8 የተለያየ ቁራጭ ነው። ሁለት ቫይረሶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ከገቡ ቁርጥራጮቻቸው እዚያው ይባዛሉ፤ አዲሱ ቫይረስ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ሲይዝ የሁለቱን ወላጆች ሊያደባልቅ ይችላል። በስሌት 256 ጥምረት አለ፣ 254ቱ አዲስ። ብዙዎቹ ደካማ ናቸው፤ በተለይ የቫይረሱን ዘረመል የሚያባዙት ሦስት ፕሮቲኖች፣ ፒቢ1፣ ፒቢ2ና ፒኤ፣ ተጣምረው ስለሚሠሩ ከተለያየ ወላጅ ሲመጡ ላይግባቡ ይችላሉ። ሲግባቡ ግን ወረርሽኝ ሊወለድ ይችላል፦ የ1968ቱ ኤች3ኤን2 የኤችኤን ቁራጭ (በስሙ ያለውን የ«ኤች» ቁጥር የሚወስነውን የገጽ ፕሮቲን የሚሠራውን) እና ፒቢ1ን ከወፍ ቫይረስ፣ ቀሪዎቹን 6 ከሰው ቫይረስ ያገኘ ነው። ኤች9ኤን2ም ቢሆን የዋህ አይምሰል፤ በ2013 ቻይና ውስጥ ሰው የገደለው ኤች7ኤን9 ስድስቱን የውስጥ ጂኖች (ከገጽ ፕሮቲኖቹ ጂኖች ውጭ ያሉትን) የወሰደው ከእሱ ነው።

ስለዚህ በአንድ ካቢኔ (ቫይረስ የሚነካበት የላቦራቶሪ መከላከያ ሳጥን) ሁለት ቫይረስ ጎን ለጎን አይከፈትም። ቀላሉ ይቀድማል፤ ተዘግቶ ወደ ኢንኩቤተር (ሕዋስ በሙቀት የሚያድግበት ሳጥን) ይገባል። ካቢኔው በፀረ-ተሕዋስ ይታበሳል፣ መድኃኒቱ እስኪሠራ ይጠበቃል (የሚቸኩል ሰው የሚዘለው ይህን ነው)፣ ጓንት ይቀየራል፤ አደገኛው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሕዋስ ማብቀያ ፈሳሹም ለየቫይረሱ አስቀድሞ ይከፋፈላል፤ ሁለቱ ከአንድ ጠርሙስ ከተቀዱ ጓንት መቀየሩ ከንቱ ነው።

ኤች9ን ብቻ የሚፈልግ ፒሲአር (የተፈለገን የዘረመል ክፍል አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) የተበከለውን የቫይረስ ክምችትም «ኤች9 አለ» ብሎ ያሳልፋል፤ አልዋሸም። እዚያው ላቦራቶሪ የሚያዘው ኤች5 አለመኖሩም አብሮ መፈተሽ አለበት። ይህም የሚያየው የኤችኤን ቁራጭ ብቻ ነው፤ ኤንፒ (ዘረመሉን የሚሸፍነው ፕሮቲን ቁራጭ) ወይም ፒቢ1 ከሌላው ወላጅ መግባቱን የሚያጋልጠው 8ቱንም ቁራጭ በሙሉ ማንበብ ነው። በንባቡ ላይ የሁለት ዝርያ የዘረመል ፊደሎች በብዙ ቦታ ተደራርበው ከታዩ ክምችቱ ይወገዳል፤ ሥራው ከመነሻው ናሙና እንደገና ይጀመራል።