ዱላውን ገልብጦ የያዘው

ዘንድሮ በገና ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሱሉልታ ከቤታችን ጀርባ ባለው መስክ የሰፈሩ ልጆች ሩር ሲለጉ ቆሜ አየሁ። አንዱ፣ ቢበዛ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቆልማማውን ዱላ ቀኝ እጁን ከላይ፣ ግራውን ከታች አድርጎ ይዟል። ትልልቆቹ «ገልብጠህ ያዝ እንጂ!» እያሉ ይጮኹበታል። ልጁ መልስም አልሰጣቸው፤ አንዴ ሲለጋት ሩሯ ከሁሉም ራስ በላይ አለፈች።

ፓፕዋ ትዝ አለኝ። የደርባኑ ሴውሳንከር ሴውጎሉም፣ ዘሩ ከህንድ የሆነ ደቡብ አፍሪካዊ ጎልፍ ተጫዋች። ፊደል አልቆጠረም፤ እንጀራው የነጮችን የጎልፍ ዱላ መሸከም ነበር። አያያዙም ልክ እንደዚህ ልጅ የተገለበጠ ነው፤ ማን አሠልጥኖት ይታረም? ዱላ ከሚሸከምላቸው አንዱ፣ የኦይል ኦፍ ኦሌይ ቅባት ፈልሳፊ ግራሃም ዉልፍ፣ በራሱ አውሮፕላን አውሮፓ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሆላንድ ኦፕን የተባለውን የጎልፍ ውድድር አሸነፈ። በ1960 ደገመው፣ በ1964 ሠለሰው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን 1963 ነው። እዚያው ደርባን ላይ ናታል ኦፕንን አሸነፈ። ሽልማቱ ሲሰጥ ዝናብ ይወርዳል። በአፓርታይድ ዘመን ነጭ ያልሆነ ሰው ወደ ክለቡ ቤት አይገባም ነበርና ዋንጫውን ደጅ ቆሞ፣ እየበሰበሰ ተቀበለ። የተሸነፉት ውስጥ ተጠልለዋል! እኛ ዘንድ «በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ባላባቱ ቅልጥሙን ቢመታ እንኳ ስቆ ያልፋል።

የእነዚያ ጌቶች ግን ተቆጡ። በ1965 በዚያው ውድድር ነጩን የአገሩን ልጅ ጋሪ ፕሌየርን ረታ፤ ፕሌየር ማለት ባለፉት ዓመታት አንድ በአንድ ያሸነፋቸውን አራቱን የዓለም ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች በዚያው ዓመት ያሟላ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ፓፕዋን ከአገር ውስጥ ውድድር አገዱት፤ ፓስፖርቱንም ነጠቁት። በ1978 በድህነት ሞተ። በዚያው ዓመት ፕሌየር በ42 ዓመቱ፣ ከመሪው በሰባት ምት ርቆ በጀመረው የመጨረሻ ቀን፣ ከአራቱ ታላላቆች አንዱ የሆነውን ማስተርስን ለሦስተኛ ጊዜ ወሰደ። ፕሌየርን አልነቅፍም፤ ሁለቱን ዓመተ ምሕረቶች ጎን ለጎን ሳያቸው ግን ደስ አይለኝም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ላወራለት ተጠጋሁ። እሱ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ሩሯ እኮ ወንዝ ገባች። ያወጡልናል?»

ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ገባሁ።